ጣሊያን ለምትገቡ ያገሬ ልጆች፦ የሊያም ብሬዲን ሰባት ዓመት ተመልከቱ

ሚላን ውስጥ ፖርታ ቬኔዝያ አካባቢ ከሚሰበሰቡት ወጣቶቻችን መካከል ስለ አርሰናል እስከ እኩለ ሌሊት መከራከር የማይችል የለም፤ የሊያም ብሬዲን ስም የሚያውቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ብሬዲ ከደብሊን ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ቱሪን፣ ከዚያም ወደ ጄኖቫ፣ ወደ ሚላንና ወደ አስኮሊ እየተዘዋወረ የተጫወተ፣ በግራ እግሩ የሚሰጣት ኳስ የምትወራለት አየርላንዳዊ አማካይ ነበር። በዚህ አገር ብዙ አዲስ መጪ ተቀብያለሁ፤ ሲወድቁም ሲነሡም አይቻለሁ፤ ምክር ሲጠይቁኝ ደግሞ የማነሣው ታሪክ የዚህን ሰው ነው። «እሱ ባለ ገንዘብ ኳስ ተጫዋች፣ እኛ የሽማግሌ አስታማሚ፣ ምን ያገናኘናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚያገናኘን የሰው አገር ሠራተኛ መሆናችን ነው፤ የሰው አገር ሠራተኛ ደግሞ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ቦታው የሚወሰነው እሱ በሌለበት ስብሰባ ነው።

1. ስለ ወረቀት

ሶጆርኖአችሁ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ) ሊያልቅ ቢያንስ 60 ቀን ሲቀረው የማሳደሻ ማመልከቻ አስገቡ፤ የደመወዝ ወረቀታችሁን አንዷንም ሳትጥሉ አስቀምጡ፤ የማታውቁትን ነገር የሠራተኞችን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ፓትሮናቶ የሚባለው ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። የቀረውን እዚያ ይነግሯችኋል።

2. አገር ስለ መቀየር

ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ1956 ደብሊን ተወለደ። (ደብሊን ሲባል ለብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ አሻራ ወደ ሰጣችሁበት አገር የሚመልሳችሁ ሕግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስሙን ያገኘው በ1990 በዚያችው ከተማ ከተፈረመው ስምምነት ነው።) በ15 ዓመቱ ወደ ለንደን ተሻግሮ በአርሰናል ታዳጊነት ጀመረ፤ በ1973 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ በ1979 ክለቡ ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 2 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን ሲወስድ የቡድኑ ዋና ሰው እሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ራሳቸው የዓመቱ ኮከብ አድርገው መረጡት። በ307 ጨዋታ 59 ግብ አስቆጥሮ፣ ኮንትራቱ ሲያበቃ በ1980 የቱሪኑ ክለብ ጁቬንቱስ ገባ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ጣሊያኖች በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በሰሜን ኮርያ ተሸንፈው ከወጡ በኋላ ለአዲስ የውጭ ተጫዋች የሊጋቸውን በር ዘግተው ነበር፤ በሩ የተከፈተው በ1980 ሲሆን፣ ለያንዳንዱ ክለብ የተፈቀደለትም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብሬዲ በዚያ ጠባብ በር የገባው ሙያው በእጁ፣ ውሉ በኪሱ ሆኖ ነው። የእኛ ልጅ ግን የአክስቱ ልጅ ከስዊድን ስልክ ስለ ደወለለት ብቻ የጀመረውን የብየዳ ትምህርት አቋርጦ ይነሣል፤ ከዓመት በኋላም አሻራው ጎትቶ ሲመልሰው ትምህርቱም የለም፣ አልጋውም በሌላ ሰው ተይዟል። መሄድን አልቃወምም፤ የምቃወመው ባዶ እጅን ይዞ መዞርን ነው።

3. «አትፈለግም» ስለምትባሉበት ቀን

ይህ ቀን በሁላችሁም ላይ ይመጣል። ጁቬንቱስ ለብሬዲ 10 ቁጥር ማሊያ ሰጠው፤ በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 8 ግብ አስቆጥሮ የቡድኑ ቀዳሚ ግብ አግቢ ሆነ፣ ክለቡም ሻምፒዮን ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ሊጉ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እንደሌለው ተነገረው። ያጠፋው ነገር አልነበረም። ከ1982 ጀምሮ አንድ ክለብ ሁለት የውጭ ተጫዋች እንዲይዝ ስለ ተፈቀደ፣ ሁለቱም ቦታ ለፖላንዳዊው ቦኒየክና ለፈረንሳዊው ሚሼል ፕላቲኒ ተሰጥቶ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. የሊጉ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ጁቬንቱስና ፊዮረንቲና በነጥብ እኩል ነበሩ፤ ጁቬንቱስ ወደ ደቡብ ወርዶ ካታንዛሮን ይገጥማል፣ ፊዮረንቲና ካልያሪ ላይ ይጫወታል። ከዕረፍት በኋላ፣ ጨዋታው ገና 0 ለ 0 ሳለ፣ ለጁቬንቱስ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ኳሷን አንሥቶ ነጥቡ ላይ ያስቀመጣት፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት «አትፈለግም» የተባለው ሰው ነው። ቢስታት ማን ምን ይለው ነበር? መታና አገባት፤ ፊዮረንቲና አቻ ወጣ፤ ጁቬንቱስም በአንድ ነጥብ ብልጫ 20ኛውን የሊግ ዋንጫውን ወሰደ። ብሬዲ ሻንጣውን ይዞ በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ ወዳደገው የጄኖቫ ክለብ ሳምፕዶሪያ ሄደ፤ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ከማን ጋር ደረሰው ቢሉ ከጁቬንቱስ ጋር፣ ሳምፕዶሪያም 1 ለ 0 አሸነፈ።

እኛስ? ሲኞራዋ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ሰው እናመጣለን» ስትል፣ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ የሚወጣው፣ በቀረው ወር በሽተኛውን ሳያጥብ የሚውለው፣ በሥራ ቦታው ከአለቃው ጋር ተሰዳድቦ የሚለያየው ስንት ነው? በዚህ አገር የቤት ሥራ የሚገኘው በማስታወቂያ አይደለም፤ ሲኞራዋ ለእህቷ፣ እህቷ ለጎረቤቷ በምትናገረው ቃል ነው። የመጨረሻው ወር ሥራችሁ የሚቀጥለውን ቤት በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

ብሬዲን መልአክ አላደርገውም። ጥቅምት 1987 ደብሊን ላይ አየርላንድ ከቡልጋሪያ ጋር በማጣሪያው ስትጫወት፣ ለተፈጸመበት ጥፋት አጸፋ መልሶ ቀይ ካርድ አየ። አገሩ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር፣ ለ1988ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አለፈች፤ እሱ ግን በቅጣቱ ላይ የጉልበት ጉዳት ተጨምሮበት ሳይሄድ ቀረ። በዘመኑ ሁሉ ለብሔራዊ ቡድኑ 72 ጊዜ የተሰለፈው ሰው፣ እንግሊዝን ሽቱትጋርት ላይ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ሜዳ ላይ አልነበረም። ግልፍተኞች ይህን ደግማችሁ አንብቡ።

4. ስለ ቋንቋ

ወደ ዋናው ነገሬ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለኝም።

ብሬዲ አርሰናል ሳለ አጠገቡ የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ዴቪድ ኦሊሪ ነበር፣ ፍራንክ ስቴፕልተን ነበር። ቱሪን ሲገባ ግን አየርላንዳዊ እሱ ብቻ ነው። በልብስ መቀየሪያው ውስጥ የጠበቁት ዲኖ ዞፍ፣ ሺሬያ፣ ጄንቲሌ፣ ካብሪኒና ታርዴሊ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫን የሚያነሡ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛ እንዲማሩለት አልጠበቀም። እሱ ጣሊያንኛ ተማረ። በዚህም የተነሣ ጁቬንቱስ ሲለቀው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ጄኖቫም፣ ኢንተር ሚላንም፣ አስኮሊም የሚያውቁት ባለሙያ ሆኖ እስከ 1987 ቆየ፤ ከዚያም ለንደን ተመልሶ ዌስትሃም ገብቶ በ1990 ጫማውን ሰቀለ።

ቋንቋው ግን ከጫማው በኋላም ሠርቷል። የአየርላንድ ፌዴሬሽን በ2008 ለብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አድርጎ የቀጠረው ጆቫኒ ትራፓቶኒን፣ ማለትም የጁቬንቱሱን የቀድሞ አለቃውን ነበር። አሮጌው ጣሊያናዊ እንግሊዝኛው ገና ነበር። ከረዳቶቹ አንዱ ማርኮ ታርዴሊ፣ ሌላው ሊያም ብሬዲ ሆኑ፤ የደብሊኑንም የቱሪኑንም ሰው አነጋገር የሚያውቅ እሱ ነበርና። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የለቀቀው ቦታ በገዛ አገሩ ተመልሶ ሥራ ሆነለት።

አሁን ስለ እኛ ልናገር። አንዲት እህት እዚሁ ሚላን ውስጥ አንድ አሮጊት ሴትዮ ቤት ባዳንቴ (አስታማሚ) ሆና እያደረች ለብዙ ዓመት አገለገለች። የምታውቀው ጣሊያንኛ «ብይ»፣ «ተኚ»፣ «መድኃኒት»፣ «ታመመ» የሚል ነበር፤ ለዚያ ቤት ይበቃት ነበር። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ከእኛ ጋር ቡና ትጠጣለች፣ በአማርኛ ትጫወታለች፣ ከሐበሻ ሱቅ በርበሬዋን ገዝታ ትመለሳለች። ሴትዮዋ ሞቱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራዋንም ክፍሏንም አጣች። ልጆቻቸው አንድ ወረቀት ሰጧት፤ «ምን ይላል?» ሳትል ፈረመች። ወረቀቱን ለእኔ ያሳየችኝ ወራት አልፈው ነው፤ አራት ጊዜ ታጥፎ ከፓስፖርቷ ሽፋን ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሊኩዊዳዚዮኔዋን (የሥራ ማቆሚያ ገንዘቧን) ሙሉ በሙሉ እንደ ተቀበለች የሚናገር ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። በእጇ የሰጧት የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ነበር። የቤት ሠራተኛ ሥራዋ በምንም ምክንያት ቢቆም፣ አሠሪዋ ቢሞቱም ጭምር፣ ይህ ገንዘብ በየዓመቱ እየተጠራቀመ የሚከፈላት መብቷ ነው፤ ያጣችው ስላላነበበች ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ቡናችን ላይ ከመካከላችን አንዳችንም «ተማሪ» አለማለታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ውስጥ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በእናቱና በሐኪሙ መካከል ቆሞ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ሐኪሙ አቀርቅሮ ይጽፋል፤ እናትየዋ ለልጇ የማይነገረውን እየዘለለች ትናገራለች፤ ልጁ ያልገባውን እየዘለለ ያስተረጉማል። ለመሆኑ በዚያ ቀን የተጻፈው መድኃኒት ለየትኛው ሕመም ነው? በዚህ አገር ከአሥር ዓመት በላይ ኖረን ልጆቻችንን ጠበቃና አስተርጓሚ ያደረግን፣ «ጊዜያዊ ነኝ፣ ነገ አገሬ እገባለሁ» እያልን ራሳችንን የምንሸነግል፣ እኛው ነን። አገሩ መግባቱ ይግባ፤ ሰባት ዓመት ብቻ የቆየው ብሬዲ እንኳ «ጊዜያዊ ነኝ» አላለም። «ጣሊያኖች ዘረኞች ናቸው፣ ቢማሩትስ ምን ይጠቅማል?» የምትሉም አላችሁ። ዘረኝነት አለ፣ አልክድም፤ ሲሰድቧችሁ ምን እንዳሏችሁ ሳታውቁ መሳቅ ግን ምን ይባላል?

ከሐበሻ ጋር አትዋሉ አላልኩም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ዕድሩንም፣ ዕቁቡንም አጥብቃችሁ ያዙ። ነገር ግን ከሳምንቱ ሁለት ምሽት ለትምህርት ስጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ የረጅም ጊዜ ሶጆርኖ ስትጠይቁ የኤ2 (የመሠረታዊ) ደረጃ ጣሊያንኛ ይጠየቃል፤ ዜግነት ስትጠይቁ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቢ1 (ከዚያ ከፍ ያለ) ደረጃ ግዴታ ሆኗል፤ እስከዚያ ድረስ የጠበቀ ሰው ለጥድፊያ ኮርስ ገንዘቡን ይበትናል። በየከተማው የጎልማሶች የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ ሲፒአይኤ ይባላል፤ የጣሊያንኛው ትምህርት በነፃ ወይም ለነፃ በቀረበ ክፍያ ይሰጣል፤ ምዝገባው ብዙውን ጊዜ በመስከረም ነውና ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ ቀኑን ጠይቁ፤ ሶጆርኖአችሁንና ኮዲቼ ፊስካሌያችሁን (የግብር መለያ ቁጥራችሁን) ይዛችሁ ሂዱ። በሥራ ምክንያት ቀን አይመቸኝም የምትሉ፣ የማታ ክፍል አለ። አሠሪዬ አትፈቅድም የምትሉ፣ የዕረፍት ሰዓታችሁ በውላችሁ ላይ ተጽፏል፤ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ማንበብ ካልቻላችሁም መጀመሪያ የምትመዘገቡት እናንተ ናችሁ።