ግራጫ ሳሎን ቀዝቃዛ እንዳይሆን

እህቴ፣ «ሳሎኔን ግራጫ ላስቀባው አስቤያለሁ፤ ሶፋዬ ጠቆር ያለ ግራጫ ስለሆነ ቤቱ እንዳይጨልምና እንዳይቀዘቅዝ ፈራሁ፤ የትኛውን ልምረጥ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ግራጫን አትተዪው። የእኔ ሳሎን ግራጫ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን አልሰለቸኝም።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው «ይፍካ ወይስ ይጥቆር?» በሚለው ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ከግራጫው ሥር የተደበቀውን ቀለም ነው። የግድግዳ ግራጫ አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ጥቁር ብቻ አይደለም። ትንሽ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ወይም ቡኒ ይገባበታል። ትንሿ ናሙና ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ግድግዳው ሙሉ ሲቀባ ግን ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናዎቹን ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ደርድሪያቸው። የትኛው ወደ ሰማያዊ፣ የትኛው ወደ ቡኒ እንደሚያደላ ያኔ ይለይልሻል።

ከዚያ ብርሃኑን እዪ። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ውስጥ የሚገባው ብርሃን ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያ ላይ ሰማያዊ የነካው ግራጫ ከተጨመረበት ክፍሉ ይበርዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ቡኒ ወይም ክሬም የነካው ግራጫ ይሻላል። ፀሐይ እንደ ልብ የሚገባበት ከሆነ ግን ሰማያዊ የነካውም ያምራል።

አምፖልም ቀላል ነገር አይደለም። የጎረቤቴ መኝታ ቤት ቀን ቀን ደስ የሚል ግራጫ ነበር፤ ማታ ግን ሆስፒታል ይመስል ነበር። እንደገና ላስቀባው ስትል አምፖሉን ብቻ እንድትቀይር ነገርኳት። የነበረው 6,500 ኬልቪን ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል)፤ በ2,700 ተካችው። ግድግዳው ሳይነካ ክፍሉ ሞቀ። ለሳሎንም ከ2,700 እስከ 3,000 ያለውን ነው የምመክርሽ።

ወደ ሶፋሽ ስንመጣ፣ ግድግዳው ከሱ በደንብ የፈካ ይሁን፤ ሥሩ ያለው ቀለም ግን ይቀራረብ። ሶፋው ወደ ሰማያዊ እያደላ ግድግዳው ወደ ቡኒ ከሄደ አንዱ ሌላውን የቆሸሸ ያስመስለዋል። አንዳንድ የቀለም ካርዶች ላይ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ወደ 0 ሲጠጋ ጥቁር፣ ወደ 100 ሲጠጋ ነጭ ነው። አንቺ ላለሽ ሶፋ እኔ ብሆን ከ60 በታች አልወርድም።

ባልዲ ሙሉ ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ትልቅ ካርቶን ሁለት እጅ ቀቢ፤ ዳር ዳሩን ነጭ ተዪለት። ነጩ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዓይንሽን እንዳያታልለው ይረዳል። እርጥብ ሳለ አትፍረጂ፤ ሲደርቅ ይለወጣል። ካርቶኑን ከሶፋው ኋላ አቁሚውና ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ደግሞ አምፖል አብርተሽ እዪው። እባክሽ ይህችን እንዳትዘያት፤ እኔ የማንንም ቤት ቀለም ስመርጥ ሳላደርጋት አላልፍም።

የግድግዳው ገጽ ትንንሽ እንከን ካለው የማያንጸባርቅ ቀለም እንዳይጎላ ያደርግልሻል። የሚያብለጨልጨው እያንዳንዱን እንከን ያወጣዋል።

የቀረው የዕቃ ጉዳይ ነው። ግራጫ በግራጫ ላይ ሲደረደር የሚደብረው ሁሉም ነገር ልሙጥ ሲሆን ነው። ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ፣ የበፍታ መጋረጃ፣ የእንጨት ጠረጴዛና አረንጓዴ ተክል አስገቢ። ትራሶቹን ሰናፍጭ ወይም የሸክላ ቀለም ብታደርጊያቸው ሶፋው ራሱ ይደምቃል።

ካርቶኑን ከሶፋው ጋር ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊልን አብረን እናየዋለን። ካሜራ ግራጫን ስለሚያዛባ ግን ከእኛ አስተያየት ይልቅ ዓይንሽን እመኚ።