የላም ቲቢ፦ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ አርቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የእንስሳት ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ላሜ አትስልም፣ ወተቷም አልቀነሰም። ታዲያ እንዴት «ቲቢ አለባት» ተባለች?

መልስ፦ በሽታው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። አንገቷ ላይ በአንድ ቦታ የከብት፣ በሌላው የወፍ ቲዩበርክሊን (ከቲቢ ተህዋስ የተዘጋጀ መመርመሪያ) ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት ይለካል። የከብቱ እብጠት ከወፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ተይዛለች ማለት ነው። በሽታው የጸናባት ከሲታ ላም ግን ላያብጥባት ይችላል።

ጥያቄ፦ እንግዲህ ልሽጣት?

መልስ፦ ለማን? ጫጫ ገበያ ወስደው ለሌላ አርቢ ቢሸጧት በሽታውን በገመድ እየጎተቱ አደረሱለት ማለት ነው።  ወዲያው ቢያርዷት ካሳ የሚከፍል ስለሌለ ምክሬ መለየት ነው፤ የራሷ ጋጣና የውኃ ገንዳ ይኑራት፣ በመጨረሻ ትታለብ። ስትታረድም በቄራ፣ በሥጋ መርማሪ ፊት ይሁን።

ጥያቄ፦ ውርጭ እንዳይገባ የበረቱን መስኮቶች በማዳበሪያ ከረጢት ደፍነናል። ችግር አለው?

መልስ፦ ትልቁ ችግር እሱ ነው! የኅዳር ውርጭ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቲቢ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ባለፈው የገባሁበት በረት ግድግዳው ላብ ያንጠባጥባል፣ የሽንቱ ጠረን ዓይን ያስለቅሳል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ የአላቢው ፍራሽ ተዘርግቷል። ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የላሞቹን ትንፋሽ ይምጋል። ከጣሪያው ሥር ክፍተት ይተዉ፣ ለጥጃዎቹ ደረቅ ጭድ ይጎዝጉዙ፤ ሠራተኛው ሌላ ቤት ይደር።

ጥያቄ፦ ጥሬ ወተት ቲቢ ያስተላልፋል ይባላል፤ እርጎና ዓይብስ?

መልስ፦ መኮምጠጥ ተህዋሱን ለመግደል አይታመንም፤ ለብ ካለ አሬራ የወጣ ዓይብም እንደዚያው። ወተቱን አፍልተው ያብርዱና ጥቂት እርጎ ጠብ ያድርጉበት፤ እርሾ የሚሆነው እርጎም ከፈላ ወተት የተዘጋጀ ይሁን እንጂ ከጥሬው አይሁን። የተነጠረ ቅቤ አያሳስብም።

ጥያቄ፦ አላቢ ነኝ፤ ማሳል ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድና አክታህን አስመርምር። ከብት እንደምታልብ፣ ጥሬ ወተት የምትጠጣ ከሆነም ሳትደብቅ ንገራቸው፤ የከብቱ ተህዋስ ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል። ውጤቱ እስኪታወቅ ከበረቱ ራቅ፤ ሰውም ለላም ያስተላልፋል።