«መጠይቅ አስሞይ ብቻ ነኝ» ላለችው እኅት

ውድ እኅቴ፣

በሶሲዮሎጂ ከተመረቅሽ አራት ዓመት እንደሆነሽ፣ ቋሚ ሥራ ስላላገኘሽ በጤናና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ በሚካሄዱ ጥናቶች በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ እንደምትሠሪ፣ አጎትሽ በአንድ ባንክ የገንዘብ ተቀባይነት ቦታ እንዳገኙልሽና አባትሽም «ጥናት እንጀራ አይሆንም» ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትወስኚ እንደነገሩሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ የምትፈልጊው ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሽ ተመራማሪ መሆን ነው። ደብዳቤሽን የዘጋሽው ግን «እኔ እኮ መጠይቅ አስሞይ ብቻ ነኝ፤ ይህን ልምድ ብዬ የት አቀርበዋለሁ?» በማለት ነው። ከጠየቅሽኝ ሁሉ አላስቀምጥ ያለኝ ይህ ነው።

በዚያው ደብዳቤ መካከል በምሬት የጻፍሽውን አንቀጽ መልሰሽ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። ፒኤችኪው ዘጠኝ የተባለውን የድብርት መለኪያ በገጠር ስታስሞዪ፣ ስለ ድካምና አቅም ማነስ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ስትደርሺ እናቶች «ልጄ፣ ያልደከመ ማን አለ?» ብለው እንደሚስቁብሽ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደግሞ «ራሴንስ አልገድልም፤ ግን እሱ በወሰደኝ» እንደሚሉሽና የትኛውን ቁጥር ማክበብ እንዳለብሽ እንደምትቸገሪ ነግረሽኛል። አንቺ ይህን የጻፍሽው የሥራሽን አሰልቺነት ለማሳየት ነው። እኔ ደግሞ ሳነበው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚበቃ የጥናት ጥያቄ አየሁበት።

ነገሩን እንዲህ አስቢው። ቅጹ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። መጀመሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ለመጠየቅ ነው። የአማርኛው ትርጉም በአገራችን ተፈትሿል፤ ሆኖም ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የዋለች ሴት «ድካም» የምትለው የቀን ሥራዋን ይሁን ሕመሟን የሚለየው ከፊቷ ተቀምጦ የሰማት ሰው ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን መጉዳትን ብቻ ሳይሆን «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚለውንም ሐሳብ የሚጨምር በመሆኑ፣ «በወሰደኝ» ያለችሽ ሴት ጸሎት እያደረሰች ይሁን፣ እያማረረች ይሁን ወይስ በእርግጥ ሞትን እየተመኘች፣ በነጥቧም ሆነ ወደ ሕክምና በመላኳ ላይ ልዩነት ያመጣል። ይህን ሰንጠረዡን ቢሮ ውስጥ የሚተነትነው ባለሙያ ካልተነገረው በቀር ሊያውቀው አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚነግረው የለም።

የጠያቂ ሥራ ምን ያህል እንደሚመዝን አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራ የጀመረው ጥናት በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትን፣ የሰዎችን መውጣትና መግባት ቤት ለቤት እየዞሩ በሚመዘግቡ ሰዎች ላይ የቆመ ነበር። በኋላም በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ሲጀመር፣ ሐኪም ያልሆኑ ጠያቂዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በየቤታቸው አነጋግረዋል። ከዚያ የወጡ ብዙ ጽሑፎች ዛሬ በዓለም ይጠቀሳሉ፤ የጠያቂዎቹን ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔም በወጣትነቴ ሦስት ክረምት መጠይቅ ተሸክሜ ጭቃ ረግጫለሁ፤ የመጀመሪያው ጥናት ታትሞ ሲወጣ የእኛ ድርሻ በምስጋናው ውስጥ «ለመረጃ ሰብሳቢዎች» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ አልልሽም።

እርግጥ ነው፣ አራት ዓመት ያንኑ ቅጽ ማስሞላት ብቻውን ወደ ላይ አያወጣም። በሚቀጥለው ኮንትራት ተቆጣጣሪነትን ጠይቂ፤ ባይሰጡሽ እንኳ መጠይቁ በሙከራ በሚታይበት ጊዜና መረጃው በሚጣራበት ጊዜ እንድትገኚ ለምኚ። መረጃ መተንተንን አር (R) በተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጀምሪ፤ ውድ ሥልጠና አያስፈልግሽም።

አባትሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ የፕሮጀክት ገንዘብ አይታመንም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በኮንትራት የሚሠሩ ስንቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤታቸው እንደገቡ አይተሻል። ያም ሆኖ ያንቺ የገንዘብ ችግር ሥራሽ ብቻ አይደለም። ከምታገኚው ግማሹ ለወንድምሽ የግል ኮሌጅ ክፍያ እንደሚውል፣ እሱም 24 ዓመቱ እንደሆነና አንድ ዓመት እንደደገመ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። በእኔ አስተያየት ወንድምሽ ቀን ሠርቶ በማታ መማር ይችላል፤ አባትሽም የአንቺን ምርጫ «እንጀራ አይሆንም» የሚሉት በዚሁ ሥራ የአንድ ልጃቸውን ትምህርት እየከፈልሽላቸው ነው። ይህን አጎትሽ ባሉበት፣ በአክብሮት ግን ሳትሸፋፍኚ ተናገሪ። ባንኩን ይዘሽ በማታ ተማሪ የሚልሽ አማካሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ገንዘብ ተቀባይ ለሁለት ሳምንት መስክ ልውጣ ብትል የሚፈቅድላት ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ባንኩን አልቀበልም፤ ለወንድምሽ ክፍያ ይውል የነበረውንም ገንዘብ የስድስት ወር ወጪ እስኪሞላ አስቀምጠዋለሁ።

ስለምትማሪው የትምህርት ዘርፍ፣ ስለ እንግሊዝኛሽና ስለ ዕድሜሽ የጠየቅሽኝን ባጭሩ ልመልስ። የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ምሩቃንን ስለሚያስቀድም፣ ከማመልከትሽ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቂ፤ ሥነ ሕዝብ፣ አንትሮፖሎጂና ማኅበራዊ ሥራ ለአንቺ ክፍት ናቸው፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ዛሬውኑ መዘጋጀት ጀምሪ። እንግሊዝኛሽ በየቀኑ አንድ ጽሑፍ በማንበብ ይሻሻላል። በ27 ዓመትሽም ለመማር አልረፈደም።

ወደ «በወሰደኝ» ልመለስ። በዚህ ሳምንት የሰማሻቸውን አነጋገሮች በአንድ ገጽ ጻፊና ለጥናቱ መሪ አሳዪ። የማንንም ስም፣ ቀበሌም ሆነ ሌላ መለያ እንዳታስገቢ፤ መረጃው የተሰበሰበው ጠያቂና ተጠያቂ በተስማሙበት ዓላማ በመሆኑ፣ ለራስሽ ጥናት ልትጠቀሚበት ከፈለግሽ የመሪውንና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አስቀድመሽ በጽሑፍ ያዢ። መሪው ገጹን አንብቦ ዝም ካለሽ ለእኔ ላኪልኝ።