ሁለት ዓመት በጠብታ ያልጠራ የአንድ ዓይን ብግነት፦ ፉክስ ይሆን?

እህቴ፣ የወንድምሽ ግራ ዓይን ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ ጠብታ) ቢጨመርበትም «ሴሎቹ»፣ ማለትም በዓይኑ ውስጥ የሚታዩት የብግነት ሴሎች፣ አልጠፉም፤ አያመውም፣ አይቀላም፣ እይታው ግን እየደበዘዘ ነው ብለሻል። ሐኪሙን ስለ ፉክስ ዩቪያይቲስ ጠይቁት፤ ዩቪያይቲስ ማለት የዓይን ውስጥ ብግነት ነው። የቪየናው ሐኪም ኤርንስት ፉክስ በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው ከሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) ቫይረስ ጋር ይያያዛል።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የሁለቱ ዓይኖች ቀለም መለያየት ስለሚጠበቅ ነው። እንደኛ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ልዩነቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። መታየት ያለበት የአይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) ገጽ ነው፦ በጤነኛው ዓይን ላይ ያሉት ጉድጓዶችና መስመሮች በታመመው ላይ ጠፍተው ልሙጥ ይሆናል። ይህን ለማየት ሁለቱም ዓይኖች ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ሳይገባባቸው ጎን ለጎን ይነጻጸሩ። ብሌኑ ከሰፋ በኋላ አይሪሱ ስለሚሸበሸብ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ቀጥሎ በስሊት ላምፕ (የዓይን ሐኪም ማጉያ መሣሪያ) ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ብርሃን አሳላፊ የፊት ሽፋን፣ ከጀርባው በኩል ይታይ። በሌላው ዩቪያይቲስ እዚያ የሚለጠፉት የብግነት ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ ታች ይከማቻሉ፤ በፉክስ ግን ጥቃቅን፣ ነጭ፣ ኮከብ መሳይ ሆነው እስከ ላይ ድረስ ይበተናሉ። አይሪሱም ከሌንሱ ጋር አይጣበቅም። ከተጣበቀ ፉክስ ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ ዓይኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆነ ግን መጣበቁ ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ከንጽጽሩ በኋላ ብሌኑ ሰፍቶ ሬቲናውም (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን የኋላ ሽፋን) ይታይ፤ የቶክሶፕላዝማ (የጥገኛ ተሕዋስ) ጠባሳ ሊገኝ ይችላል። የዓይኑ ግፊት በጣም እየተነሳ የሚወርድ ከሆነ ሲኤምቪና ሄርፒስ የተባሉት ቫይረሶች ይታሰቡ። ቲቢና ቂጥኝም መመርመር አለባቸው። ሆኖም የቲቢ የቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻ ዓይኑን ቲቢ ይዞታል አያሰኝም። በስህተት የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ በውስጡ ያለው ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ያ በጣም ያሳዝናል።

ፉክስ ከሆነ የፕሬድኒሶሎን ጠብታው ሴሎቹን አያጠፋም፤ የሚያመጣው የዓይን ሞራና ግፊት ነው። ወንድምሽ በራሱ ውሳኔ ግን ጠብታውን አያቁም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት። ግላኮማ (ግፊት የዓይን ነርቭን የሚጎዳበት በሽታ) ሳይታወቅ ስለሚገባ በየ3 እስከ 6 ወሩ ግፊቱ ይለካ።

እይታውን ያደበዘዘው ሞራ ከሆነ ቀዶ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ውጤት አለው። ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ዓይኑ ሲከፈት ከቀጫጭን የደም ሥሮች ትንሽ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል።