ጥያቄና መልስ፦ የጋላፓጎስ የመጨረሻ ቀን

ኢኳዶር ሄዳችሁ የጋላፓጎስ ደሴቶችን በመርከብ የዞራችሁና ልትዞሩ ያሰባችሁ ጽፋችሁልኛል። ጥያቄው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ መውረጃው ቀን ነው።

«8 ቀን» ብለው ሸጡልን፤ ስምንተኛው ቀን ግን ቁርስና ኤርፖርት ነው የሚል ወንድም አለ።

ልክ ነህ፣ የመጀመሪያውም ቀን ግማሹ በበረራ ነው የሚያልቀው። ግን ብዙ መርከቦች በመጨረሻው ቀን ጎህ ሲቀድ በትንሽ ጀልባ ያወጣሉ። ሳንታ ክሩዝ ደሴት ወዳለው ማንግሮቭ (ባሕር ውኃ ውስጥ የሚበቅል የዛፍ ጫካ) ከወሰዱህ እንዳትቀር። ሞተር ጠፍቶ በመቅዘፊያ ነው የሚገባው። የባሕር ኤሊ ለመተንፈስ ብቅ ይላል፣ ትንንሽ ሻርኮች ከጀልባው ሥር ያልፋሉ። እንቅልፉ አውሮፕላን ላይ ይደርሳል።

ቲፕ ስንት ነው?

መርከቡ የሚመክረውን ይነግራችኋል፤ የኢኳዶር ገንዘብ ራሱ ዶላር ስለሆነ ካሽ ያዙ።

አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው አንድ ጠጠር ቢይዙ ምን እንደሚጎዳ ጠይቀውኛል። ባሕር ዳሩ ሞልቷል ይላሉ።

እናቴ፣ አይያዙ። ድንጋይም፣ ዛጎልም፣ አሸዋም ከደሴቶቹ ማውጣት ክልክል ነው፤ ሻንጣዎም ኤርፖርት ላይ በኤክስሬይ ይታያል። መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. እዚያው ደሴቶቹ ላይ ባለው ባልትራ ኤርፖርት አንድ ሻንጣ ሲፈተሽ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ 185 ግልገል ኤሊዎች ተገኝተዋል። የእርስዎን ጠጠር ከዚያ ጋር አላመሳስልም። «ሞልቷል» የሚለው ሒሳብ ግን ያስፈራኛል። ድሮ የዓሣ ነባሪ አዳኞችም ግዙፎቹን ኤሊዎች ለስንቅ ሲጭኑ ደሴቱ ሞልቶ ነበር። ኤሊው ያለ ምግብና ውሃ ለወራት ስለሚቆይ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይደረድሩታል። በዚህ ዓይነት ከ100 ሺህ በላይ እንዳለቀ ይገመታል። ከፒንታ ደሴት ዝርያ የተረፈው «ብቸኛው ጆርጅ» የተባለ ኤሊ ሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ዘር ሳይተካ ሞተ። የሚገርመኝ ደግሞ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከእንስሳቱ ሁለት ሜትር ርቆ፣ መንገዱን ጠብቆ ይሄድና በመጨረሻው ቀን እጁ አላርፍ ይለዋል። ለልጁ የዚያችን እግረ ሰማያዊ ወፍ ፎቶ ያሳዩት፤ ከጠጠሩ ይልቅ እሷ ታስቀዋለች።

ጠዋት ዳይቪንግ፣ ከሰዓት በረራ ይቻላል?

አይቻልም! ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሆናል፤ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ። ከጠለቃችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ካመማችሁ ወይም ከደነዘዛችሁ በረራውን ተዉትና ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። በስኖርክል ከላይ ከላይ ለዋኘ ችግር የለም።

ከወረድኩ ጀምሮ አልጋዬ ይወዛወዛል።

በአንድ ሁለት ቀን ይለቅሃል። ካልለቀቀህ ያው ሐኪም።

የሜሪላንዱ አንባቢ ፍሎሪያና ደሴት ካለው የፖስታ በርሜል የቨርጂኒያ አድራሻ ያለበት ካርድ አንስቶ መጥቷል። ቴምብር ልለጥፍበት ወይ ይላል።

ኧረ በፍጹም! እነዚያው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደብዳቤያቸውን እዚያ ያስቀምጡ ነበር፤ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ያደርስላቸዋል። ወጉ በእጅ ማድረስ ነው። ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻገርና በሩን አንኳኳ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አይሁን፤ ሰው ተኝቷል።