መልስ፦ «ከፍተኛ አደጋ» የተባለ ግድብ ሊፈርስ ነው ማለት ነው?
ጥያቄዎ የመዝናኛ ሐይቃችሁ የአፈር ግድብ በአሜሪካ የግድቦች መዝገብ ላይ «ከፍተኛ አደጋ» ተብሎ ሳለ ይዞታው፣ ማለትም ግድቡ ያለበት ሁኔታ፣ እንዴት «አጥጋቢ» ይባላል የሚል ነው። አይጋጩም። የአደጋ ደረጃው ስለ ግድቡ ጥንካሬ ምንም አይናገርም፤ ቢፈርስ ታች ያለው ምን ይሆናል የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የሰው ሕይወት ሊጠፋ ከቻለ ከፍተኛ፣ ንብረትና መሠረተ ልማት ብቻ ከተጎዳ መካከለኛ፣ ጉዳቱ ባብዛኛው የባለቤቱ ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል። ስለዚህ ግድቡ ሳይነካ፣ ከሥሩ ቤት ስለተሠራ ብቻ ደረጃው ሊጨምር ይችላል። ይዞታው ግን በምርመራ የሚሰጥ ነው። በይዞታው ቦታ «ደረጃ ያልተሰጠው» የሚል ካዩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

እኔ ብሆን ከወረቀቱ ይልቅ የግድቡን ግርጌ አያለሁ። ስርገት፣ ማለትም ውሃ በግድቡ ውስጥ ቀስ እያለ ማለፉ፣ በአፈር ግድብ ያለ ነው፤ ዋናው የሚወጣው ውሃ ቀለም ነው። በጠርሙስ ቀድተው ያስቀምጡት፤ ከታች አፈር ከዘቀጠ ውሃው የግድቡን ውስጥ እየሸረሸረ ነውና ሳይውል ሳያድር ለግድብ ደህንነት መሥሪያ ቤቱና ለመሐንዲስ ይደውሉ። የመልቀቂያው ቱቦ የሚወጣበትን ዙሪያ በተለይ ይፈትሹ። ዝጎ የተበሳ የብረት ቱቦ በዙሪያው ያለውን አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ከላይም መሬቱ ይሰረጉዳል። ትልቅ ዛፍ በራስዎ አይንቀሉ፣ የሥሩ ክፍተት የውሃ መንገድ ይሆናል። ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ) ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ የተወጠረ መረብ ካለ ግን ቶሎ ይነሳ፤ ቅጠልና ግንድ ከዘጋው ጎርፉ በግድቡ አናት ይፈሳል፣ አፈር ደግሞ ያንን አይችልም።