መልስ፦ ድሬ ላይ ልጆችን ዛፍና ወፍ የት ላሳያቸው?

ሰላም እህቴ! ለሁለት ቀን ድሬ ስትመጪ ልጆቹን ዛፍና ወፍ የት እንደምታሳያቸው ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ከከዚራ እጀምራለሁ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ጥላ ነው። በማለዳ ውጡ፤ ፀሐይዋ ከበረታች ወፎቹም ይሸሸጋሉ።

የድሬዳዋ ዛፍ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። የወደቀ አበባ አንሺና ከቅርብ አሳያቸው። ከአምስቱ የአበባ ቅጠሎች አራቱ ቀይ ናቸው፤ አንዱ ግን ነጣ ብሎ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው። የደረቀው ረጅም ፍሬው ደግሞ ሲወዘውዙት እንደ ጸናጽል ይንሿሿል፤ ልጆች ነፍሳቸው ነው!

ቢጫዎቹ ወፎች ጎጆ ሲሠሩ ካያችሁ አትቸኩሉ፣ እዚያው ቁጭ በሉ። ወንዱ ሣሩን በአፉ እየሳበ ይሸምናል። ሴቷ ትመጣና ትመረምረዋለች፤ ካልጣማት ትታው ትሄዳለች።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቆላ ነው፤ ዝሆኖቹን ፍለጋ በእግር ብዙ ያስኬዳል። ከዚያ ይልቅ ሐረር አንድ ምሽት እደሩና ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ አሳያቸው። ውሃና ኮፍያ እንዳትረሺ።